ሽጉጥ በመኪና ውስጥ፤ ጠብ በመንገድ ላይ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ዛሬ እንድንናገር የተፈቀደልን ስለ ወርኃዊ መዋጮ ወይም ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር አይደለም። ስለ መንገድ ጠብ ነው፤ ይልቁንም መሣሪያ የያዘ ሰው በመንገድ ጠብ ውስጥ ሲገባ ስለሚሆነው ነገር ነው። «ይህ ደግሞ የእድር ጉዳይ ነው እንዴ?» የሚል ይኖራል። ነው እንላለን። የዚህ ዓይነቱ ጠብ መድረሻው ሁለት ነው፤ አንዱ መቃብር ሁለተኛው ወህኒ ቤት። ሟች ቤት ድንኳን ይዘን የምንሄደው እኛ ነን። ገዳይ ቤት ግን የሚተከል ድንኳን የለም፤ ሚስትና ልጆች በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ፤ እኛም ምን ብለን እንደምንገባ አናውቅም። ስለዚህ ጉዳዩ ከማንም ይልቅ የኛ ነው።

ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የሕግ ባለሙያ አይደለንም። ነገር ግን ጡረታ የወጣነው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስንሰፋና ስናወጣ ስናስገባ ኖረን ነው። ፋይል የሚሰፋ ሰው ደግሞ ሳይወድም ቢሆን ያነባል። ከንባባችን የተረዳነው አንድ ነገር ቢኖር፤ የጠቡ መነሻ ሁልጊዜ ትንሽ መሆኑን ነው። ስፖኪዮዬን ነካብኝ፤ ፍሬቻ ሳያሳይ ገባብኝ፤ ክላክስ አደረገብኝ፤ በሬ ላይ አቆመ፤ በሚስቴ ፊት ሰደበኝ። የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ይህ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ሲያነቡት ግን የአንድ ቤተሰብ ሳይሆን የሁለት ቤተሰብ መፍረስ ነው።

ይህ ለምን ይሆናል ብለን ብንጠይቅ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሰውና ሰው በእግር ሲሄዱ ትከሻ ለትከሻ ቢጋጩ «ይቅርታ»፤ «ምንም አይደል» ተባብለው ያልፋሉ። ፊት ለፊት ይተያያሉና። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን የሚያየው ሰው ሳይሆን ብረት ነው። የወዲያኛው ልጁን ሐኪም ቤት ለማድረስ ይቸኩል፤ መርዶ ሰምቶ ይሁን፤ መንጃ ፈቃድ ትናንት ያወጣ ይሁን፤ ማን ያውቃል? «ናቀኝ» ይላል በቃ። በዚያ ላይ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ መንገዱ ተዘግቶ ረጅም ጊዜ የቆመ ሰው ነገር ፍለጋ ሳይወጣ ነገር ያገኘዋል። ሽጉጥ በጎኑ ወይም በመኪናው ኪስ ካለ ደግሞ፤ ሌላው ሰው በስድብ የሚያበቃውን ጠብ እሱ በጥይት ሊያበቃው የሚችል ሰው ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ብዙ ሰው «ራሴን ተከላክዬ ነው ካልኩ ነፃ ነኝ» ብሎ ያምናል። በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕጋችን በእርግጥ ስለ ሕጋዊ መከላከል በአንቀጽ 78 ላይ ደንግጓል። ሰው እጁን አጣጥፎ ይሙት አይልም። ነገር ግን የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፤ ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና አሁን በመድረስ ላይ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። ሰዬው ሰድቦህ ወደ መኪናው ከተመለሰ ጥቃት የለም። ጀርባውን ሰጥቶ በሚሄድ ሰው ላይ የሚተኮስ ጥይት መከላከል ሳይሆን በቀል ነው።

ሁለተኛ፤ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል መሆን አለበት። እዚህ ላይ አሽከርካሪዎች ልብ በሉ። ሞተሩ እየሠራ፤ መስታወቱ ተዘግቶ፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ከመኪና የወረደን ሰው ዳኛው «ለምን ወረድህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህችን ጥያቄ የሚመልስ ጠበቃ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፤ መከላከሉ ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከተፈለገው መብት ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ባዶ እጁን የመኪናህን ክዳን የደበደበ ሰውና ጩቤ ይዞ በርህን የከፈተ ሰው አንድ አይደሉም። ፓራውልት ይገዛል፤ ነፍስ ግን አይገዛም።

ከመጠኑ ያለፈ እንደሆነስ? አንቀጽ 79 እንደሚለው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልለታል፤ መጠኑን ያለፈውም ጥቃቱ ባመጣበት ፍርሃት፤ ድንጋጤ ወይም የስሜት መነሣሣት ከሆነና ይህም ይቅር የሚያሰኝ ሆኖ ከተገኘ ያለ ቅጣት ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን ይህ በጥቃት ላይ ላለ ሰው ነው እንጂ ተከታትሎ ለደረሰ ሰው አይደለም። ሰው መግደል ተራ ግድያ ሆኖ ሲገኝ በአንቀጽ 540 ከ5 ዓመት እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። የመከላከልን ልክ በማለፍ ወይም በከባድ ማነሣሣት የተፈጸመ ከሆነ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ይቀጣል። በጭካኔ ወይም በታሰበበት ሁኔታ የተፈጸመ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አንቀጽ 539 የዕድሜ ልክ እሥራት ወይም ሞት አለው። እንግዲህ በእነዚህ አንቀጾች መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው፤ አንድ ሰው በየትኛው ሥር እንደሚወድቅ የሚወስነው ግን በዚያች በአንዲት ደቂቃ ያደረገው ነገር ነው።

«የእኔ መሣሪያ ፈቃድ አለው» የሚሉም አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ፈቃድ ማውጣት ተገቢ ነው። ግን ፈቃዱ የመያዝ ፈቃድ ነው። ከተተኮሰ በኋላ የሚመዘነው ፈቃዱ ሳይሆን ተኩሱ ነው። መድንም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ባለ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ግዴታ ሆኗል። የተጫረው በር፤ የተሰበረው መብራት በተወሰነው ገንዘብ ልክ የሚከፈልበት መንገድ አለ። ለጥይት የሚከፍል መድን ግን የለም። የሚከፈልበት መንገድ ላለው ነገር የማይከፈል ዕዳ መግባት ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የአንዳንዶቻችን ልጆች አሜሪካ አገር መኪና እየነዱ ስለሚኖሩ ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። በኒው ኦርሊንስ ከተማ ዊል ስሚዝ የሚባል፤ የፊልም ተዋናዩ ሳይሆን በከተማው ቡድን በአሜሪካ እግር ኳስ ታዋቂ የነበረ ሰው፤ ሚያዝያ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ሌሊት ከሚስቱ ጋር መኪና እየነዳ ሳለ ከፊቱ የነበረን መኪና ከኋላ ነካ፤ ወይም የነካ መሰለ፤ ሳይቆምም አለፈ። ባለ መኪናው ተከተለው። ደርሶም በራሱ መኪና ከኋላ ገጨው። ሁለቱም ወረዱ፤ ተሰዳደቡ። ተከታዩ ሽጉጥ ነበረው፤ ተኮሰ። ሟች ስምንት ጥይት ሲመታው ሰባቱ በጀርባው ነበሩ። ሚስቱም እግሮቿን ተመታች። ሦስት ልጆች አባታቸውን አጡ። በሟች መኪና ውስጥም ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ተገኘ፤ አልተተኮሰበትም።

ተኳሹ ፍርድ ቤት ቀርቦ «መሣሪያ ሊያወጣብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነው» አለ። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች አልተቀበሉትም፤ በ2009 ዓ.ም. 25 ዓመት ተፈረደበት። ፈራጆቹ በሙሉ ድምፅ ያልተስማሙበት ፍርድ ስለነበረ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ፍርድ አይጸናም ብሎ በመወሰኑ ጉዳዩ እንደገና ታየ። በ2016 ዓ.ም. ሌሎች ፈራጆች በሙሉ ድምፅ ጥፋተኛ አሉት፤ ቅጣቱም ያው 25 ዓመት ሆነ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለት ቤተሰብ በፍርድ ቤት ደጃፍ ተመላለሰ ማለት ነው። በዚያው ክፍለ ሀገር ሕግ፤ ጠቡን ራሱ የጀመረ ሰው ከጠቡ በእውነት መውጣቱን ለሌላው በሚታወቅ መንገድ ካላሳየ ራሴን ተከላከልሁ ማለት አይችልም። ለኛ ትምህርት የሚሆነን «ተከተለው» የምትለዋ ቃል ናት። እስከዚያች ድረስ ነገሩ የተጫረ መኪና ነበር። የሟች ሽጉጥም ሟችን አላዳነውም።

በቨርጂንያ የሚኖሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ደግሞ ሲደውሉ አንድ ነገር ንገሯቸው። በቨርጂንያ የተሰጠ መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ አይሠራም። ሰው አጭኖ ድልድዩን የተሻገረ ልጅ፤ ማንንም ሳይነካ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል።

ከመካከላችን «እኔ ሌሊት የምነዳ ሰው ነኝ፤ ወንበዴ ቢያስቆመኝስ?» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ይህን አናቃልልም። ሕጉም የፈቀደው ለዚህ ነው። ነገር ግን ዘረፋና ጠብ ይለያዩ። ዘራፊ አንተን ፈልጎ መጥቷል። ጠብን ግን ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ ታመጡታላችሁ፤ አንዱ ከተወው የለም። እንዲያውም መሣሪያ የያዘ ሰው ከሌላው ይልቅ ታጋሽ መሆን አለበት እንላለን። ያልታጠቀ ሰው ስድብ ቢመልስ ቢበዛ በቡጢ ያበቃል። የታጠቀ ሰው ግን ስድብ የመመለስ መብቱን ሽጉጡን በታጠቀ ቀን ትቶታል። ለማስፈራራት ማሳየትም አይረባም። የወዲያኛውም ሊኖረው ይችላል፤ ፌርማታ ላይ የቆመች ሴት፤ በቆርቆሮ ግድግዳ ውስጥ የተኛ ሕፃን ሊኖር ይችላል። ጥይት ደግሞ ማን እንደሰደበ አያውቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በአጭሩ እንናገር።

1ኛ. ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን እጅ አንሥቶ ይቅርታ ማለት። እጅ ማንሣት ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ኪስም አይጎዳም።

2ኛ. ከመኪና አለመውረድ፤ መስታወት መዝጋት፤ በር መቆለፍ፤ መንገድ ካለ መሄድ። ግጭት ደርሶ ከሆነ ግን ጥሎ መሄድ ስለማይገባ እዚያው ሆኖ ትራፊክ ፖሊስ መጠበቅ።

3ኛ. የሚከተል ሰው ካለ ወደ ቤት አለመግባት፤ ሰው ወደሚበዛበት ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ መንዳት፤ በ991 መደወል።

4ኛ. እኛ ራሳችን ማንንም አለመከተል። ሰሌዳውን መጻፍ ይበቃል።

5ኛ. አይሁንና ሰው ከተጎዳ፤ ማንም ይሁን ማን፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውሎ መርዳት፤ መሣሪያውን አስቀምጦ ለፖሊስ ራስን መስጠት። የተጎዳን ጥሎ መሸሽ በደል ላይ በደል ነው፤ ሕጉም ይጠይቅበታል።

6ኛ. አጠገብ የተቀመጠ ሰው፤ ሚስትም ትሁን ልጅ ወይም ጓደኛ፤ «አትተወው!» ሳይሆን «ተው፤ ንዳ» ይበል። ከመዛግብቱ ውስጥ በአንዳንዱ ጠቡን ያነደደው ተሳፋሪ ነበር።

በመጨረሻም ለጉባኤው ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ስለ ቀብር ጉዟችን ነው። ብዙ መኪና ተከታትለን መብራት አብርተን ስንሄድ አደባባይ ላይ ከመካከላችን ሌላ መኪና ይገባል። ኀዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቶሎ ይቆጣል፤ ወርዶም የሚጣላ አይተናል። ስለዚህ ከኮሚቴው አንድ ሰው ከፊት መኪና፤ አንድ ሰው ከመጨረሻው መኪና እንዲመደብ፤ ጠብ ቢነሣ ከእነሱ በቀር ማንም እንዳይወርድ ይወሰን። ወደ ቀብርም ሆነ ወደ ድንኳን፤ ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ መሣሪያ ይዞ መምጣት ይከልከል። ሬሣ ለመሸኘት የሚያስፈልገን ነጠላና ጋቢ ነው።

ሁለተኛው፤ ሁለት አባሎቻችን ወይም የአባሎቻችን ልጆች በመንገድ ቢጣሉ፤ ነገሩ ሳያድር ሽማግሌ እንዲላክ ነው። ፀሐይ የገባችበት ነገር በማግሥቱ ዘመድ ይጨምራል።

ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ቢሆንም እንናገረዋለን። ከአባሎቻችን አንዱ ሰው ገድሎ ቢታሰር፤ ለጥፋቱ አንቆምለትም፤ ፍርዱን ይቀበል። ነገር ግን ሚስቱና ልጆቹ መዋጮ የከፈሉ የእድራችን ሰዎች ናቸው። ገንዘብ ይሰጥ አንልም። በወር አንድ ጊዜ ሁለት ሰው በራቸውን እንዲያንኳኳ ይመደብ። ሟች ቤትም የምንሄደው በሰልስት ብቻ ሳይሆን ከዚያም በኋላ ይሁን፤ ዕርቅ የሚጀመረው ከዚያ ነውና። ይህን የሚቃወም ካለ በግልጽ ይናገርና እንወያይበት።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከመካከላችሁ መሣሪያ ያላችሁ እነማን እንደሆናችሁ አንጠይቅም። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትሄዱ ግን ነገ ጠዋት መኪና ውስጥ ምን ይዛችሁ እንደምትወጡ ከባለቤቶቻችሁ ጋር ተመካከሩበት። መጪው ዓመት ድንኳናችን ተጣጥፎ የሚቀመጥበት ዓመት ያድርግልን።