ልክና ሞገድ፤ የድሮን ሥዕል ማስተላለፊያ አንቴና አመራረጥና አሠራር



ፔካ 12 ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ወይም ከጻድቅ ሳይሆን ከመለኪያ ነው። «ፔካ» ማለት በፈረንሳይኛ «የኪሎሜትር ነጥብ» ተብሎ የሚጻፈው ስም በሁለት ፊደላት ሲያጥር የሚሰጠው ድምፅ ሲሆን፣ 12ቱ ደግሞ ሰፈሩ ከጅቡቲ ከተማ እምብርት ያለውን ርቀት ያመለክታል። ከኢትዮጵያ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ተራቸውን የሚጠብቁት በዚሁ ስፍራ በመሆኑ፣ የመንገዱ ዳርና ዳር በብረት አካል፣ በኮንቴይነርና በቆርቆሮ የተሞላ ነው። አማርኛም ከሶማሊኛና ከአፋርኛ ጋር ጐን ለጐን ይሰማበታል።

ከዚህ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ሻበሌ የሚባል የአውሮፕላን ማረፊያ ይገኛል። የአሜሪካ ጦር ሰው አልባ አውሮፕላኖቹን ቀድሞ ያስነሣ የነበረው በአምቡሊ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ጣቢያ አጠገብ ካለው ከካምፕ ሌሞኒዬ ነበር። ነገር ግን አደጋዎች በመድረሳቸውና መንገደኞችን የሚያመላልሱት አውሮፕላኖች በዚያው መንደርደሪያ ይጠቀሙ ስለ ነበር፣ በ2013 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር እነዚያ አውሮፕላኖች ወደ ሻበሌ ተዛወሩ። እንግዲህ በዚህ አካባቢ የሚያድግ ተማሪ ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ፣ «ሰው ያልተቀመጠበት አውሮፕላን መንገዱን በምን ያያል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም። መምህሩም ዝም ሊለው አይገባም።

የጥያቄው መልስ እንዲህ ነው። ዐይኑ ካሜራ ነው፤ ዐይኑ ያየውን መሬት ላይ ለቆመው ሰው የሚያደርሰው ግን የራዲዮ ሞገድ ነው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በሳተላይት አማካይነት ይላላካሉ። በእጅ የሚያዙት ትንንሾቹ ድሮኖች ግን ሥዕላቸውን በቀጥታ ከአየር ወደ ምድር ይልካሉ፤ ብዙዎቹም 5,800 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ባለው ድግግሞሽ ይሠራሉ። ሥዕሉ ከተቋረጠ አብራሪው ታወረ ማለት ነው። የታወረ ሰው የሚነዳው ነገር ደግሞ በማን ቤት ወይም በማን ራስ ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ስለዚህ የአንቴና ነገር የጨዋታ ዕቃ ነገር ብቻ ሆኖ ሊታይ አይችልም።

ሥዕሉ ሲቋረጥበት ጀማሪው መጀመሪያ የሚያስበው የበለጠ ኀይል ያለው ማሠራጫ መግዛትን ነው። ይህ አሳብ ሩቅ አያደርስም። ሞገድ ከምንጩ እየራቀ ሲሄድ ስለሚሰፋ፣ ርቀቱን በእጥፍ ለማሳደግ ኀይሉን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በ25 ሚሊዋት የተገኘውን ርቀት ሁለት ጊዜ ለማድረግ 100 ሚሊዋት፣ ዐሥር ጊዜ ለማድረግ ደግሞ 2,500 ሚሊዋት ይጠየቃል። ይህም ባትሪ ይጨርሳል፤ መሣሪያውን ያግላል፤ የጐረቤትንም ሥርጭት ይበጠብጣል። በአንጻሩ ሞገዱን በአንድ አቅጣጫ አራት እጥፍ አሰባስቦ የሚቀበል አንቴና ያንኑ እጥፍ ርቀት ያለ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት የመዳብ ሽቦና ትክክለኛ ልክ ብቻ ነው።

ልኩ የሚገኘው በቀላል ማካፈል ነው። ሞገድ በአንድ ሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎሜትር ይጓዛል። ይህ ለ5,800 ሚሊዮን ንዝረት ሲካፈል የአንዱ ሞገድ ርዝመት 51.7 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሩቡም 12.9 ሚሊሜትር ነው። ቀላሉ አንቴና የዚህ ሩብ ርዝመት ያለው ሽቦ ሲሆን፣ በተግባር ከሒሳቡ 5 በመቶ ያህል አጠር ተደርጎ ይቆረጣል። እዚህ ላይ የአንድ ሚሊሜትር ስሕተት ወደ 8 በመቶ ስለሚጠጋ፣ አንቴናው ከታሰበለት ድግግሞሽ ከ400 ሜጋኸርትዝ በላይ ይርቃል። ይህን ለመሰለው ሥራ የተለየው ክልል ግን ከ5,725 እስከ 5,875 ስለሆነ ጠቅላላ ስፋቱ 150 ብቻ ነው። «ዐሥር ጊዜ ለካ፤ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የአናጢ ምክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

ከልኩ ቀጥሎ የሚመረጠው የአንቴናው ጠባይ ነው። ፋኖስ ክፍሉን ሁሉ በመጠኑ ያበራል፤ የእጅ ባትሪ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞ ሩቅ ያሳያል። አንቴናም እንደዚሁ ነው። አውሮፕላኑ በየአቅጣጫው ስለሚዞር በላዩ የሚተከለው እንደ ፋኖስ በዙሪያው የሚያሠራጭ መሆን አለበት። በምድር ላይ ባለው መቀበያ ግን ሁለቱንም ማድረግ ይጠቅማል፤ ፋኖሱ ለቅርቡ፣ ባትሪው ለሩቁ ያገለግላሉ። ሁለት አንቴና ተቀብለው የተሻለውን ሥዕል ራሳቸው የሚመርጡ መቀበያዎች የተሠሩትም ለዚህ ነው። የባትሪውን ዐይነት ብቻ የያዘ ሰው አውሮፕላኑ ከፊቱ ወደ ጐኑ ባለፈ ጊዜ ሥዕሉን ያጣል።

ሦስተኛው ነገር የሞገዱ አወዛወዝ ነው። ገመድ ከዛፍ ታስሮ ወደ ላይና ወደ ታች ቢወዛወዝ፣ ማዕበሉ ቀጥ ብለው በቆሙት የአጥር እንጨቶች መካከል ያልፋል፤ ወደ ጐን ቢወዛወዝ ግን አጥሩ ይከለክለዋል። ሃይንሪኽ ኸርትዝ በካርልስሩሄ ሲያስተምር፣ በ1888 እ.ኤ.አ. ትይዩ ሽቦዎች የተወጠሩበትን ማዕቀፍ በሞገዱ ፊት በማዞር ይህንኑ አሳይቷል። ቀጥ ያለ ሽቦ የሚልከው ሞገድ በአንድ መስመር የሚወዛወዝ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ሲያጋድል የላኪውና የተቀባዩ አቋም ይለያያል፤ ሥዕሉም ይደክማል። በፔካ 12ም ሆነ ብረት በበዛበት ቦታ ሁሉ ሌላ ችግር ይጨመራል። ሞገዱ በመኪናና በኮንቴይነር ላይ ነጥሮ፣ በቀጥታ ከመጣው ጥቂት ዘግይቶ ይደርስና ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ።

ለዚህ የተገኘው መድኀኒት እየተሽከረከረ የሚሄድ ሞገድ ነው። ወደ ቀኝ የሚሽከረከር ሞገድ ከብረት ሲነጥር ወደ ግራ ይገለበጣል፤ ለቀኝ የተሠራው መቀበያም ግራውን ከሞላ ጐደል አይሰማውም። ስለዚህ ቀጥታው ይገባል፤ ነጥሮ የመጣው ይቀራል። ነገር ግን ሁለቱም ወገን የአንድ አቅጣጫ መሆን አለባቸው። ላኪው ቀኝ፣ ተቀባዩ ግራ ከሆነ ግንኙነቱ ይጠፋል፤ አንዱ ቀጥ ያለ ሽቦ ከሆነ ደግሞ የኀይሉ እኩሌታ ይባክናል።

እንዲህ ያለውን ሞገድ የሚሰጡ ሁለት አንቴናዎች በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ባለ ሦስት ቅጠሉ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ያህል ሽቦ ይወስዳል፤ ሁለቱ ቀጥ ያሉ ጐኖች ሩብ ሩብ፣ ቅስቱ እኩሌታ ይሆናሉ። ሦስቱ ቅጠሎች በ120 ዲግሪ ተራርቀው እያንዳንዳቸው 45 ዲግሪ ያጋድላሉ፤ የአንደኛው ጫፋቸው ከኬብሉ መሐል ሽቦ፣ የሌላው ጫፋቸው ከውጭ ሽፋኑ ጋር በካውያ ይበየዳል። ይህ ፋኖሱ ነው።

ሁለተኛው ጆን ክራውስ የተባለ አሜሪካዊ በ1946 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ጥምዝምዙ አንቴና ነው። ከመዳብ ሳሕን ፊት እንደ ጸደይ ብረት የተጠመዘዘ ሽቦ ሲሆን፣ የአንዱ ዙር ልክ አንድ የሞገድ ርዝመት ነው። ስለዚህ ዲያሜትሩ እስከ ሽቦው መሐል ሲለካ 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በዙርና በዙር መካከልም 13 ሚሊሜትር ያህል ይተዋል። አምስት ዙር ለጀማሪ ይበቃል። እንደ ተራ ቡሎን ጥርስ የተጠመዘዘው የቀኝ ነው። የጥምዝምዙ ተቃውሞ 140 ኦም ያህል፣ የኬብሉ ግን 50 ስለሆነ፣ ሁለቱን ለማስማማት በመጀመሪያው የዙር ሩብ ላይ ስስ የመዳብ ቁራጭ ይበየዳል። ይህ ባትሪው ነው።

በሥራው ላይ የሚያጋጥሙት ጥፋቶች የታወቁ ናቸው። ማሠራጫ አንቴና ሳይታሰርለት ከተከፈተ ኀይሉ ወደ ራሱ ተመልሶ ሊያቃጥለው ይችላል። የሚጠመዘዙት ማያያዣዎች ሁለት ዐይነት ሆነው በመልክ ይመሳሰላሉ፤ የአንዱ መሐል መርፌ፣ የሌላው ቀዳዳ ነው። ሁለት ቀዳዳ ቢገናኝ ከውጭ የታሰረ ይመስላል እንጂ ከውስጥ አይነካካም። ቀጭን ኬብል ሞገዱን ስለሚበላ ማጠር አለበት። አንቴናውም ከባትሪና ከካርቦን አካል ጀርባ መደበቅ የለበትም። በጅቡቲ የባሕሩ ጨዋማ አየር መዳብን ስለሚበላው፣ ብየዳው ከደረቀና ከተሞከረ በኋላ በስሱ ቫርኒሽ መቀባት ይበጃል።

ስለ ፈተናው ግን አንድ ነገር በግልጽ ሊነገር ይገባል። ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ጣቢያና የጦር ማረፊያ ባሉበት አገር ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ ድሮን ማስነሣት ለተማሪውም ለመምህሩም አይገባም። ደግነቱ አንቴናን ለመመርመር መብረር የግድ አይደለም። ፈቃድ በተገኘለት አነስተኛ ማሠራጫ፣ አንድ ተማሪ መሣሪያውን በረጅም እንጨት ጫፍ ይዞ ይራመዳል፤ ሌሎቹ በየ50 እርምጃው የሥዕሉን ጥራት በደብተር ይመዘግባሉ። እንጨቱ ይጋደማል፤ ይዞራል፤ ከኮንቴይነር ጀርባ ይገባል፤ አንቴናው ተለውጦ እንደ ገና ይሞከራል። ነፋስ የማያገኝ ማሠራጫ በቶሎ ስለሚግል፣ በተለይ በበጋው ሙቀት ሙከራው ማለዳ ቢደረግና ቢያጥር ይሻላል። በመጨረሻ በደብተሩ ላይ የሚቀረው ሰንጠረዥ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ሳይሆን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያገኙት ዕውቀት ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ዘወትር የሚሰማው ቅሬታ የቤተ ሙከራ ዕቃ ማነስ ነው። ቅሬታው እውነት ነው። ቢሆንም የኸርትዝ መሣሪያ ራሱ በአብዛኛው የመዳብ ሽቦ፣ የብረት ሰሌዳና የእሳት ብልጭታ ነበር። አንድ ሜትር ሽቦ፣ አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ካውያና በአንድ ሚሊሜትር ስሕተት የማይታገሥ መምህር ካሉ፣ የሞገድ ትምህርት ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። የበለጠ ኀይል መግዛት የማይችለው ተማሪ ልክ ማወቅ ይችላል፤ ልክ ያወቀ ተማሪም የሰማዩን መሣሪያ ከመፍራትና ከማድነቅ አልፎ አሠራሩን ይመረምራል። በኪሎሜትር ቁጥር ለተሰየመው ሰፈር ልጆች ከመለካት የሚጀምር ትምህርት እንግዳ አይሆንባቸውም።