«ነገ ይመለሱ» ለተባሉት አባት

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም

 ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ስለ ወላጅ ሐቅ ብዙ ሰምተናል፤ ስለ ሰደቃም እንዲሁ። በወረዳና በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች ተቀምጠው የአረጋውያንንና የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ ስለሚያስፈጽሙ ወንድሞችና እህቶች ግን እምብዛም አንናገርም። ከእነርሱ መካከል የኛው ልጆች ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ አጅር የሚገኘው ከሥራ ሰዓት ውጭ በምንሠራው ኸይር ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አስተሳሰብ መታረም ያለበት ይመስለናል። ደሞዝ መቀበል የሥራን አጅር አያጠፋም፤ ኒያው ከተስተካከለ ያው የቢሮ ወንበር የዒባዳ ቦታ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሰባ አምስት ዓመት አባት አንድ ደብዳቤ ፈልገው ወረዳ ይሄዳሉ። ጉልበታቸው ያማቸዋል። ታክሲ ለመያዝ ተሰልፈዋል፤ ረዳቱ «ፋዘር፣ ፈጠን ይበሉ» እያለ አጣድፏቸዋል። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። በየመዞሪያው እያረፉ ወጥተው ሲደርሱ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ» ይባላሉ። ለተናጋሪው ሁለት ቃል ነው። ለእርሳቸው ግን ሌላ የታክሲ ሒሳብ፣ ሌላ ደረጃ፣ ምናልባትም የሚደግፋቸው የጎረቤት ልጅ ከሥራው የሚቀርበት ሌላ ግማሽ ቀን ነው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ከደረጃው ሥር ሆኖ የሚያዝንለት አላፊ አግዳሚ መጠበቅ አለበት።

እንደሚታወቀው የአገራችን ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖረው አዟል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲመድብ ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። እንግዲህ እኚህ አባት የመጡት ችሮታ ሊለምኑ አይደለም፤ ሐቃቸውን ሊወስዱ ነው። ሕንፃውን አንድ ሠራተኛ አይቀይረውም። ወረቀቱን ይዞ ወደ ምድር ቤት መውረድ ግን ይችላል። ለዚህ ደግሞ የማንም መመሪያ አይጠበቅም።

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰዎችን ጉዳይ እንዲያስፈጽም ተሹሞ ከችግራቸው ራሱን የሸሸገ ሰው፣ አላህም ከእርሱ ጉዳይ እንደሚሸሸግ አስጠንቅቀዋል። ይህን ለኸሊፋና ለሚኒስትር ብቻ የተነገረ አድርገን እንዳንወስደው። ማኅተም የያዘ ሁሉ በያዘው ልክ ይጠየቃል።

ሌላም አለ። ዓይነ ስውር ባለጉዳይ ከመሪው ጋር ሲገባ ሠራተኛው መሪውን እያየ «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። ሰውየው እዚያው ቆሞ! የታጣው ዓይኑ እንጂ ጆሮውና ምላሱ አይደለም። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችበትን ምክንያት እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ታላላቆች ይሰልማሉ ብለው ተስፋ አድርገው ሲያነጋግሩ ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ሊማር መጣ። እስከ ቂያማ የሚነበብ ምዕራፍ በእርሱ ምክንያት ወረደ። ከዚያም በኋላ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር ሙአዚን ሆነ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ሲወጡም ከተማይቱን በእርሱ ኃላፊነት የተዉባቸው ጊዜያት ነበሩ። ይህን ሰው «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ በሌላ አፍ የሚጠይቀው ማነው?

በቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ በሱረቱል በቀራ ያለችው የብድር አንቀጽ ናት። የዚያች አንቀጽ አንዱ ትኩረት ስለ ጸሐፊ ነው፦ በፍትሕ እንዲጽፍ፣ እምቢ እንዳይል፤ ተበዳሪው ደካማ ወይም ማስጻፍ የማይችል ከሆነ ደግሞ ኃላፊው በትክክል እንዲያስጽፍለት። ማየት ለተሳናቸው ወይም ፊደል ላልቆጠሩ እናት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሮ «እዚህ ጋ ያድርጉ» ማለት ቀላል ነው። ቅጹን ድምፅ አውጥቶ አንብቦ፣ የፈረሙት ምን እንደሆነ አስረድቶ ማስፈረም ግን የአማና ሥራ ነው።

የስም ዝርዝር የሚይዙ ሠራተኞች አማና ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ተመድቦ ነበር። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲዘጋጅ የአክስት ልጅ ገብቶ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ከቀረ፣ የተወሰደው ከማን ጉሮሮ እንደሆነ ግልጽ ነው። ጉዳያቸው ያለቀላቸው እናት በሻርፓቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ፈተው «ለሻይ» ሲሉስ? ዘካ እንዲሰበስብ የተላከው ሰው «ይህ የእናንተ፣ ይህ ደግሞ ለኔ የተሰጠኝ ስጦታ» ባለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ላይ ወጥተው፣ በወላጆቹ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደነበር ጠይቀዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ ብሩን በአክብሮት መልሶ ዱዓ ያድርጉልኝ ማለት ይሻላል።

«ባለጉዳዩ ሙስሊም ካልሆነስ?» ለሚሉን ወገኖች፣ አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ የዘገቡትን እንንገራቸው። ዑመር (ረ.ዐ.) የሚለምን ዓይነ ስውር አይሁዳዊ ሽማግሌ አገኙ፤ ቤታቸው ወስደው ካላቸው ሰጡት፤ ከዚያም ለእርሱና ለመሰሎቹ ጂዝያው ቀርቶ ከበይተል ማል እንዲሰጣቸው አዘዙ።

ከአድማጮች ለሚነሱ ሁለት ጥያቄዎች ባጭሩ እንመልስ። የመጀመሪያው፦ «ሰልፍ እያለ ለዙህር መነሳት እንዴት ነው?» የዙህር ወቅት ሰፊ ነው፤ እስከ ዐስር ሦስት ሰዓት ያህል አለ። የቆሙትን አረጋውያን ጨርሶ ወይም ባልደረባን ተክቶ በወቅቱ መስገድ ይቻላል። ሶላትን ሰበብ አድርጎ ከሥራ መጥፋት ግን የሶላትን ስም ማጉደፍ ነው። ሁለተኛው፦ ቤት ለቤት እንክብካቤ የምትሰጥ እህት መሕረም ያልሆኑ አዛውንትን ልታነሳ ትችላለችን? ወንድ ተንከባካቢ ካለ እርሱ ይቅደም። ከሌለ ችግሩ በሚጠይቀው ልክ ይፈቀዳል። ማንንም ከማንሳት በፊት ደግሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ዓይነ ስውርንም በዘንጉ መጎተት ሳይሆን ክንድን መስጠት ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ሰምታችሁ ዝም እንዳትሉ። ወረዳውን ስንወቅስ የራሳችንን በር እናያለን። በብዙ መስጂዶቻችን በዊልቸር የመጣ ሰው ጫማ ማውለቂያው ዘንድ ይቀራል፤ የውዱእ ቦታው ያንሸራትታል፤ የሚያዝ ብረት የለም። ከረመዳን በፊት ሁለት ከረጢት ሲሚንቶና አንድ ግንበኛ ብዙ ያስተካክላሉ።

ኹጥባን ለመስማት የተሳናቸው በምልክት ቋንቋ ስለማስተርጎም የቀረበውን ጥያቄ ጊዜያችን ስላለቀ አልደረስንበትም፤ በሚቀጥለው ፕሮግራማችን ኢንሻአላህ እንመለስበታለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።