ጄኔራል ጃገማ ለባሌ ምን አወረሱ?

(ጎባ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



እኛ ሰው ሲሞት ማወደስ እናውቅበታለን፤ ሥራውን መመርመር ግን ይከብደናል። እኔ ዛሬ የቆምኩት ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎን ላሞግስ ብቻ አይደለም። እዚህ ባሌ ምን ሠሩ? ምንስ ሳይሠራ ቀረ? ብዬ ልጠይቅ ነው።

ጃገማ በ1913 ዓ.ም. ጅባት ተወለዱ። ጣሊያን ሲወረን የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጫካ ገብተው አምስት ዓመት ተዋጉ። «የበጋው መብረቅ» የተባሉ አርበኛ ናቸው። እንግዲህ እኒህን ሰው ጠመንጃ ፈሪ የሚላቸው የለም!

ባሌ በ1955 ዓ.ም. ሸፈተ። ለምን? ከሶማሊያ መሣሪያ ስለመጣ ብቻ ነው? አይደለም። መሬት በቀላድ ተለካ፤ ግብር ከበደ፤ መክፈል ያቃተው ርስቱን ተነጠቀ፤ ሹሙ ጉቦ ለመደ። ዋቆ ጉቱና ሌሎች የመሩት ገበሬ መንግሥትን ሰባት ዓመት አስጨነቀ። ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላን ደበደበ፤ አመጹ ግን ቶሎ አልበረደም።

ጃገማ ሲመጡ ጦሩ ከበባውን አልተወም፤ ይህን አልክድም። እሳቸው ግን ንግግር ጨመሩበት። ኦሮሞው ጄኔራል ኦሮሞውን ሸማቂ አግባብተው በ1962 ዓ.ም. ዋቆ እጃቸውን ሰጡ። ታዲያ ተሰቀሉ? አልተሰቀሉም! ንጉሡ ምሕረት አደረጉላቸው፤ ማዕረግም ሰጧቸው።

ግን ልብ በሉ። ማዕረጉ የአንድ ሰው ነው። የገበሬው መሬትስ? እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ጠበቀ። አዋጁን ያወጣው ደርግም በተራው ሌላ በደል አመጣና ዋቆ ዳግም ጫካ ገቡ።

ዋቆ በ1998፣ ጄኔራሉ በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ሁለቱም የሉም፤ ትምህርታቸው ግን አለ። አገር የሚገዛ ሰው ከጃገማ አንድ ነገር ይማር፦ ሸማቂ ወንድም ነው፤ ያነጋግሩታል። ከጃገማ በላይ የነበሩት ያልሠሩትን ደግሞ እሱ ይሥራ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሰውየውን ከጫካ አውርደን በደሉን ከመንደር ካላወጣን፣ የሐረና ጫካ እንደሆነ ሰፊ ነው፤ ለሌላ ሸፋች ቦታ አያጣም።