ዲጂታሊስና የመጠኑ ነገር



በ1775 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊደሪንግ ስለ አንድ የባህል መድኀኒት አስተያየት ተጠየቁ። መድኀኒቱ ከ20 የማያንሱ ዕፅዋት የተቀላቀሉበት ሲሆን፥ በሽሮፕሽር የሚኖሩ አንዲት ባልቴት በምስጢር ይዘውት፥ በሰውነት እብጠት የሚሠቃዩና ሐኪሞች ያልቻሏቸውን ሕሙማን አልፎ አልፎ ያድኑበት ነበር። ዊደሪንግ የዕፅዋት ዐዋቂም ስለ ነበሩ፥ ከቅልቅሉ መካከል ኀይል ያለው ዲጂታሊስ ፑርፑሪያ የተባለው፥ አበባው ጣት የሚያስገባ ቅርጽ ያለው ተክል መሆኑን ለመለየት አልተቸገሩም። የባልቴቲቱን ስም ግን ማንም አልመዘገበውም፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት በማስታወቂያ የወጣላቸው ስም ፈጠራ ነው።

አስቸጋሪው ተክሉን ማወቅ ሳይሆን መጠኑን ማወቅ ነበር። ይህም 10 ዓመት ፈጀ። ቅጠሉ ተክሉ በሚያብብበት ወራት ተለቅሞ፥ ደርቆና ተፈጭቶ እንዲሰጥ፥ የሽንት መብዛት፥ ማቅለሽለሽ፥ የልብ ምት መዘግየት ወይም ተቅማጥ እንደ ታየም ወዲያው እንዲቋረጥ ዊደሪንግ አዘዙ። በ1785 ያሳተሙት መጽሐፍ የተሳካውን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም ሕክምና ይዘረዝራል፤ ትልቁ ዋጋውም በዚሁ ነው።

ዲጎክሲንን በ1930 ከዘመዱ ተክል፥ ከዲጂታሊስ ላናታ፥ የለዩት ሲድኒ ስሚዝ ናቸው። መድኀኒቱ በልብ ጡንቻ ሕዋስ ሽፋን ላይ ሶዲየምን አስወጥቶ ፖታሲየምን የሚያስገባውን ፓምፕ ያዳክማል፤ በሕዋሱ ውስጥ ሶዲየም ሲበዛ ካልሲየምም ይጠራቀማል፤ ጡንቻውም በበለጠ ኀይል ይኰማተራል። በቫገስ ነርቭ በኩልም የልብን ምት ያዘገያል። በ1997 የታተመውና 6,800 ሕሙማንን ያካተተው ጥናት፥ ዲጎክሲን በልብ ድካም የሚሞቱትን ቍጥር እንዳልቀነሰ፥ ሆስፒታል የሚገቡትን ግን እንዳሳነሰ አሳይቷል።

ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲያንስ መድኀኒቱ ከዚያው ፓምፕ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል። በኢትዮጵያ በሩማቲክ የልብ በሽታ የታመሙ ወጣቶች ዲጎክሲንን ከፉሮሰማይድ ጋር ሲወስዱ ማየት የተለመደ ነው፤ ፉሮሰማይድ ደግሞ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል። ኩላሊት የደከመ እንደ ሆነ ዲጎክሲን በሰውነት ይከማቻል፤ ክላሪትሮማይሲን ሲታዘዝም በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል። ስለዚህ ባለ 0.25 ሚሊ ግራሙ ክኒን ለአንዱ ልክ፥ ለሌላው ብዙ ነው።

የመመረዙ ምልክት ከጨጓራ ሕመም ጋር ይመሳሰላል፤ ምግብ ያስጠላል፥ ያቅለሸልሻል፥ ያስታውካል። ነገሩ ሁሉ ብጫ ሆኖ መታየቱ ዘግይቶ ሊመጣ፥ ጨርሶም ላይመጣ ይችላል። ስለሆነም ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው የጨጓራ መድኀኒት ፍለጋ ወደ ፋርማሲ ሲመጣ፥ ክኒኑን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚውጥና ሌላ ምን እንደሚወስድ ጠይቆ፥ የልብ ምቱንም ቈጥሮ ወደ ሐኪሙ መመለስ እንጂ፥ የጠየቀውን ሰጥቶ ማሰናበት አይገባም።