በ120 ቀን ውስጥ ምን ይቀድማል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



አንድ የሕዝብ እንደራሴ በምርጫ ሰሞን «የምታስቀድመው ጉዳይ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ትምህርት፣ ጤና፣ መንገድ፣ ሥራ፣ መኖሪያ ቤት እያለ አሥር ይቆጥርልናል። አሥሩንም ማስቀደም ግን አንዱንም አለማስቀደም ነው። እንደ እኛ አስተያየት የእንደራሴው ሐሳብ የሚገለጠው ጊዜው ሲያጥርና ገንዘቡ ሲያንስ የትኛውን ጉዳይ ለመጨረሻ እንዳቆየ ሲታይ ነው። ይህንኑ ለመመርመር ከአሜሪካ ግዛቶች መካከል ኔቫዳን መርጠናል። የጉባኤው ጊዜ እጅግ አጭር ስለ ሆነ ነገሩ በዚያ ጎልቶ ይታያል፤ ደግሞም በላስ ቬጋስ ከተማ ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ ወገናችን ይኖራልና ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

የኔቫዳ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤውን የሚያደርገው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት፣ ከፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሰኞ ጀምሮ ነው። ሕዝቡ በ1998 በሰጠው ድምፅ የጉባኤውን ጊዜ በ120 ቀን ወስኖታል። በ120ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የሚደረግ ውሳኔ ዋጋ የለውም። የእኛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት በየዓመቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 እንደሚሰበሰብ ስናስብ ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ እንረዳለን። ኔቫዳዎች በየዓመቱ መሰብሰብን አንድ ጊዜ ሞክረውት ነበር፤ በ1960 ጉባኤ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ሕዝቡ ራሱ ሻረው።

ገንዘቡስ? የግዛቱን ገቢ የሚገምተው ምክር ቤቱ ሳይሆን ከግል ሥራ ዓለም የተውጣጡ 5 ሰዎች ያሉበት አንድ ሸንጎ ነው። ግምቱም አገረ ገዥውንም እንደራሴዎቹንም ያስገድዳል። የመጨረሻው ግምት የሚቀርበው በሜይ መጀመሪያ ላይ፣ ማለት ጉባኤው ሊዘጋ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ነው። እንግዲህ እንደራሴው ሦስት ወር ሙሉ ስለ ወጪ ሲከራከር ቆይቶ በእጁ ያለውን ገንዘብ በትክክል የሚያውቀው በመጨረሻ ነው። ገቢው አነሰ ብሎ ግብር ልጨምር ቢል ደግሞ ሕዝቡ በ1994 እና በ1996 ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ደንብ ይጠብቀዋል፤ ግብር ለመጨመር በሁለቱም ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ከታችኛው ምክር ቤት 42 አባላት 28ቱ መስማማት አለባቸው ማለት ነው።

በ2003 የሆነውን እንመልከት። እንደራሴዎቹ የሌሎቹን መሥሪያ ቤቶች በጀት አንድ በአንድ አጽድቀው የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በጀት ለመጨረሻ አቆዩት። ወደ እርሱ ሲደርሱ ገንዘቡ አልበቃም፤ አዲስ ግብር ግድ ሆነ። በታችኛው ምክር ቤት 15 አባላት እንቢ አሉ፤ 15ም ለማገድ በቂ ነበር። መደበኛው ጉባኤ ተዘጋ፤ ልዩ ጉባኤ ተጠራ፤ እርሱም ሳይሆን ቀረና ሌላ ተጠራ። አዲሱ የበጀት ዓመት በጁላይ 1 ሲገባ ትምህርት ቤቶቹ በጀት አልነበራቸውም፤ መምህራን ለመቅጠርም ተቸገሩ። አገረ ገዥው ኬኒ ጊን ምክር ቤቱን በግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም ትምህርትን በገንዘብ የመደገፍ ግዴታ ከሁለት ሦስተኛው ደንብ ይበልጣል ሲል ፈረደ፤ ይህንን ፍርድ ራሱ በ2006 ትቶታል። ግብሩ ግን በመጨረሻ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አለፈ።

እኛን እጅግ ያስገረመን የ15ቱ እንቢታ አይደለም፤ እነርሱ ግብር አንጨምርም ብለው ተመርጠዋልና ቃላቸውን ጠበቁ ይባል ይሆናል። የሚያስገርመው ለሕፃናት የሚሆነው ገንዘብ ከሁሉ በኋላ መቅረቡ ነው። እዚያ ከተሰበሰቡት መካከል በምርጫው ጊዜ «ትምህርትን አላስቀድምም» ያለ አንድም ሰው ይኖራል ብለን አናምንም። ለመጨረሻ የቀረ ጉዳይ መያዣ ይሆናል፤ ሌላው ሁሉ ከተከፈለ በኋላ መደራደሪያው እርሱ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ሕዝቡ በ2004 እና በ2006 ድምፅ ሰጥቶ ቅደም ተከተሉን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባው። ምክር ቤቱ ለሌላ ለማናቸውም ነገር ገንዘብ ከመመደቡ በፊት የትምህርት ቤቶችን ወጪ እንዲመድብ ተገደደ። በዚህ ደስ ይለናል፤ ደስታችን ግን ሙሉ አይደለም። ሕጉ የሚያዘው ምክር ቤቱ ራሱ «በቂ ነው» ብሎ የገመተውን እንዲመድብ ነው። ቀድሞ መመደብና አብዝቶ መመደብ ለየቅል ናቸው፤ ጥቂት ገንዘብም አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላል። በ1967 የወጣው የትምህርት ገንዘብ ማከፋፈያ ቀመርም በሌላ የተተካው በ2019 ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ «ቀዳሚ ጉዳይ» እየተባለ ሳይነካ ኖሮ ማለት ነው። በዚያው በ2019 ጉባኤ ከ63ቱ እንደራሴዎች 32ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ይህም በአሜሪካ የግዛት ምክር ቤቶች ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ስለ ደመወዛቸውም አንድ ቃል እንበል። ሕገ መንግሥቱ ደመወዝ የሚፈቅድላቸው ለመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ብቻ ነው። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ግን ከዚያ ወዲህ ነው! ከግዛቱ ሕዝብ ከሦስት ሁለት እጅ የሚበልጠው የሚኖረው በላስ ቬጋስና በዙሪያዋ ሲሆን፣ ምክር ቤቱ ያለበት ካርሰን ሲቲ ደግሞ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሥራውን ለአራት ወር ትቶ ሊሄድ የሚችል ሰው ማን ነው? አስተማሪው ነው? ታክሲ ነጂው ነው?

በ2018 ከላስ ቬጋስ የተመረጠው ትውልደ ኢትዮጵያዊው አሌክሳንደር አሰፋ በ2019 ጉባኤ ከ42ቱ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል፤ ወደሚቀጥለው መደበኛ ጉባኤ ግን አልዘለቀም። ከ42 አንድ የሆነ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል? የሚያቀርባቸው ረቂቆች በቁጥር የተወሰኑ ናቸው። ከ60ኛው ቀን ጥቂት እልፍ ሲል ደግሞ ረቂቁ ከኮሚቴ የሚወጣበት ቀነ ገደብ ይደርሳል፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ቀጠሮ ያልሰጠው ረቂቅ ማንም «አይሆንም» ሳይለው በዝምታ ይሞታል። ቀጠሮ ያገኘ እንደ ሆነ ግን ማንም ነዋሪ ካርሰን ሲቲ ድረስ ሳይሄድ በላስ ቬጋስ ካለው የምክር ቤቱ ክፍል ሆኖ በምስል መስመር ቃሉን ሊሰጥ ይችላል። ስብሰባው የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ቀን ነው፤ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረው ሰው በሚተኛበት ሰዓት።