በሁለት እጥበት መካከል ያለው ቀን



ዛሬ የምናነሳው ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ደማቸውን በማሽን እያሳጠቡ ስለሚኖሩ ወንድሞችና እህቶቻችን ነው። ከጀመዓችን አንድ አባወራ በዚህ ሕመም ተይዞ ልንጠይቀው ስንሄድ እንደ ልማዳችን ሙዝና ብርቱካን ይዘን ነበር። ከሐጅ የተመለሰ ጓደኛችንም ተምርና ዘምዘም ጨመረበት። ስንወጣ ባለቤቱ በር ድረስ ሸኘችንና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሼኽ፣ አትቀየሙኝ፤ ያመጣችሁትን ለልጆቹ ነው የምሰጠው። ለሱ መርዝ ነው» አለችን። አፈርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፍ ውሃንና ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን በሽንት ያስወጣል። ኩላሊት ሲደክም ሁለቱም በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ተምር፣ ድንችና ቲማቲም ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው፤ ማዕድኑ በደም ውስጥ ሲበዛ የልብን ምት እስከ ማቆም ይደርሳል። ውሃውም፣ ዘምዘምም ቢሆን፣ ሐኪም ከፈቀደው መጠን ሲያልፍ እግር ያሳብጣል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ያሳጥራል። ለበረካው አንድ ጉንጭ ይበቃል።

እጥበቱ እንደ ደንቡ በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ነው። በአገራችን ከወጪው የተነሳ በ2 የሚብቃቁ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በመካከል ያሉትን ቀናት የሚያቀለውም የሚያከብደውም ወጥ የሚሠራው እጅ ነው። ያቺ እህታችን ድንቹን ከትፋ በብዙ ውሃ ትቀቅልና ውሃውን ትደፋዋለች፤ ጨውም ትቀንሳለች። ይህን ማንም አያይላትም፤ አጅሯ ግን አላህ ዘንድ ነው።

ወንድማችንን ከሕመሙ ይበልጥ ያስለቀሰው ረመዷን ነው። ሐኪሙ ከልክሎት ሳለ ሁለት ቀን ደብቆ ጾመ። በሦስተኛው ቀን ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ በ184ኛውና በ185ኛው አንቀጽ ለበሽተኛ ማፍጠርን ፈቅዷል። መዳኑ ተስፋ የማይደረግ ሰው ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል። ጌታው ያቀለለትን እኛ ቤተሰቦቹ ለምን እናከብድበታለን? በልጆቹ ፊት እንደ ጥፋተኛ ተደብቆ እንዲበላ አናድርገው።

ስለ ዉዱእም ይጠይቁናል። መርፌ የሚገባበት ክንድ በፋሻ ከታሰረ በፋሻው ላይ ማበስ ይበቃል። አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ቱቦ የገባለት ሰው ያንን ቦታ ውሃ አያስነካ። ቆሞ መስገድ ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል። ቀሪውን በየአካባቢያችሁ ያሉ ዓሊሞችን ጠይቁ።

ኩላሊት መለገስን በሚመለከት በ1988 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ፣ ለጋሹ ሕይወቱን የሚያሰጋ ጉዳት እስካልደረሰበት ድረስ በፈቃዱ መስጠትን ፈቅዷል፤ መሸጥን ከልክሏል። በአገራችንም ንቅለ ተከላው በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። አንድ ጁሙዓ ጨርቅ ዘርግተን ገንዘብ ሰበሰብንለት፤ ደስ ብሎን ተበተንን። ብሩ ወር ሳይሞላ አለቀ፤ እጥበቱ ግን አላለቀም። እኛም እንደገና ለመዘርጋት ከበደን፤ እርሱም ለመጠየቅ አፈረ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል፤ ይህን ሐዲስ ስንቴ ሚንበር ላይ እንዳነሳነው! አሁን አቅማቸው የፈቀደውን በየወሩ የሚያዋጡ ሰዎች ተመዝግበዋል። ሕመሙ ያደኸየው ሰው ከዘካም ድርሻ አለው። ወጣቶቹም በተራ ወስደው ይመልሱታል።

ልትጠይቁት ስትሄዱ ከእጥበት በተመለሰበት ዕለት አይሁን፤ ያን ቀን ድካሙ ቀና አያስብለውም። በማግስቱ ሂዱ። ምን እንያዝ ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ ባለቤቱን በስልክ ጠይቋት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።