ስለ ምንጭ ውኃ አጠባበቅ ለእናቶች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ ጧት እንስራችሁን አዝላችሁ ከምንጩ የቀዳችሁት ውኃ ኩልል ያለ ነበር። የምነግራችሁም ስለዚሁ ኩልል ስላለው ውኃ ነው፤ ድፍርሱንማ ራሳችሁ ትሸሹታላችሁ። ተቅማጥንና የአንጀት ተስቦን የሚያመጡት ጀርሞች በዓይን አይታዩም፤ ውኃውን አያደፈርሱትም፤ ጣዕሙንም አይለውጡትም።

ታዲያ ከየት ይመጣሉ? እስቲ ከምንጩ በላይ ወጥታችሁ ቁልቁል ተመልከቱ። በሜዳው ከብት ይውላል፤ ከቁጥቋጦው ሥር ሰው ይጸዳዳል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ያን ሁሉ ጠርጎ የሚያወርደው ወደ ምንጩ እኮ ነው! በዚያ ወራት ልጆቻችሁን ተቅማጥ ቢይዛቸው ምን ይገርማል?

«አያቴም ከዚሁ ጠጥታ አርጅታለች» የምትል እናት አትጠፋም። እውነቷን ነው። ግን አያቷ ስንት ልጅ እንደ ቀበረች ደግሞ ትጠይቅ።

ምንጩን መጠበቅ ለእናንተ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ ወንዶቹም በደቦ ይውጡ። ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠር። ሲሚንቶ ሲገኝና የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ዓይኑ በድንጋይ ተገንብቶ ይከደን፤ ውኃው በቧንቧ ብቻ ይውረድ፤ ማንም ቅሉን አይንከርበት። ከብት ከታች በተለየ ገንዳ ይጠጣ። ሽንት ቤትም ከምንጩ በታች በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቤት ከገባ በኋላ የሚበላሽ ውኃ አለ። እንስራው ሳይታጠብ ይሞላል፤ አፉ ከመንገድ በተቀጠፈ ቅጠል ይወተፋል፤ ልጅየው ከአፈር ላይ ተነሥቶ ጣሳውን ከነእጁ ያጠልቀዋል። የመጠጡን ውኃ አፉ በጠበበ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ አዘንብላችሁ ቅዱ እንጂ ምንም አትንከሩበት።

ምንጩ እስኪሠራ ድረስ ውኃውን አፍሉት። በደጋ አገር ውኃ ትኩሳቱ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ፣ እንደ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በፈላበት ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ ወደ ቆሸሸ ማድጋ ከገለበጣችሁትማ ማገዶው በከንቱ ነደደ ማለት ነው።

ማገዶ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ለሁሉ ባይዳረስ ለትንንሾቹ ይቅደምላቸው፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ከእናቱ ጡት ሌላ ውኃም አያስፈልገውም። ማፍላት ያልቻለች ከጤና ኬላ የውኃ ማከሚያ መድኃኒት ትጠይቅ፤ መጠኑንና ከመጠጣቱ በፊት ምን ያህል መቆየት እንዳለበት እዚያው ያሳዩአት።